ግድባችን ላይ ስድስት ኳሶች ይንሳፈፉ

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ዞን ወጣቶችና ስፖርት መምሪያ፤
በየወረዳው የመስኖ ውሃ ለምታስተዳድሩ ኮሚቴዎች፤
ልጅ ለምታሳድጉ ያገሬ ሰዎች በሙሉ፤

ጤና ይስጥልኝ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በረሳ ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ እንጀራ ፍለጋ ላንጋኖ ወረድኩ። መጀመሪያ ጀልባ አጠብኩ። ከዚያ የነጂ ረዳት ሆንኩ። ኋላ ላይ መሪውን ያዝኩ። ውሃ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎችን በገመድ እየጎተትኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ። ዛሬ ተመልሼ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የውሃ መሳቢያ ሞተርና ጄኔሬተር እጠግናለሁ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በዞናችን ቆላ ወረዳዎች ለመስኖ ከተጠራቀሙት ውሃዎች አንዱ ለውሃ ስፖርት ይፈቀድልን። መጀመሪያ ዋና እናስተምርበት። ቀጥሎ የውሃ ላይ ሸርተቴ። ከሸርተቴውም ስላሎም የሚባለውን።

ነገሩ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ። ስለዚህ ስላሎም ምን እንደሆነ ላስረዳ።

ጀልባ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከኋላው አንድ ሰው በገመድ ይጎተታል። ሰውየው የቆመው በአንድ ሸርተቴ ላይ ነው፤ አንድ እግሩ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ። ውሃው ላይ ስድስት ኳሶች ይንሳፈፋሉ፤ ሦስቱ በቀኝ፣ ሦስቱ በግራ። እያንዳንዱ ኳስ ከጀልባው መንገድ መሐል 11.5 ሜትር ይርቃል። ሰውየው በመግቢያው በር ይገባል። ኳሶቹን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያለ በውጭ በኩል ይዞራቸዋል። ከዚያ በመውጫው በር ይወጣል። ከበር እስከ በር 259 ሜትር ነው። ለወንዶች የመጨረሻው የጀልባ ፍጥነት በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሴቶች 55። በ58 ሲኬድ መንገዱ በ16 ሰከንድ ያልቃል። በ16 ሰከንድ ስድስት መዞሪያ ማለት ነው።

ስድስቱንም ሳይስት የጨረሰ ሰው በሚቀጥለው ዙር 3 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጨመርበታል። የመጨረሻው ፍጥነት ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ እዚያው ይቆምና ገመዱ ማጠር ይጀምራል። 18.25 ሜትር የነበረው 16 ይሆናል። ከዚያ 14.25፣ 13፣ 12፣ 11.25፣ 10.75። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ኳሱ 11.5 ሜትር ርቆ ተቀምጧል። ገመዱ ደግሞ ከዚያ አንሷል። ታዲያ ሰውየው በምን ይደርሳል? በገዛ ቁመቱ ነው የሚደርሰው። ገላውን ውሃው ላይ ሊተኛ እስኪመስል ያጋድማል፤ አንድ እጁን ይዘረጋል፤ ሸርተቴውን ከኳሱ ማዶ ይልከዋል። በ10.25 እና በ9.75 ሜትር ገመድ የሚወዳደሩ የዓለም ምርጦች አሉ። ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም ይደንቀኛል።

ዳኝነቱ ግልጽ ነው። ያለፍከው ኳስ ይቆጠርልሃል፤ አንዱን ስትስት ያበቃል። እንደ ሩጫ ነው። ልጅን ሊያነሣሣ የሚችል ስፖርት እንዲህ ያለ ነው እላለሁ። ትናንት ሦስት ኳስ፣ ዛሬ አራት። ማንም ሳይነግረው ራሱ ያውቀዋል።

አሁን ለምን ለኛ አገር ይስማማል እንደምል ልንገራችሁ። ስላሎም ትልቅ ሐይቅ አይወድም። ላንጋኖ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሥራ እናቆም ነበር። ነገሩ የገባቸው ተንሸራታቾች የሚመጡት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ውሃው እንደ መስታወት ሲረጋ። ማዕበል ካለ ሸርተቴው ይነጥራል፤ መዞሪያው ይበላሻል። በውጭ አገር ለዚህ ስፖርት ብለው ኩሬ የሚያስቆፍሩ አሉ። ርዝመቱ ስድስት ሰባት መቶ ሜትር፣ ስፋቱ ስልሳ ሰባ ሜትር ቢሆን ይበቃል። እኛ ዘንድ ሸለቆ ተገድቦ የሚጠራቀም ውሃ ቅርጹ ራሱ እንደዚያ ነው። ጠባብ ነው፣ ረጅም ነው፣ ግራ ቀኙ በተራራ የተከለለ ነው። ሰዎች በገንዘብ የሚያስቆፍሩትን የሸዋ ገደል በነፃ ሰጥቶናል።

“ዕቃው ውድ ነው” የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ ላይኛው ደረጃ ላይ ሲደረስ በጣም ውድ ነው። የውድድር ሸርተቴ የሚሠራው ከካርቦን ፋይበር ነው። ከሥሩ፣ ወደ ጭራው፣ ፊን የሚባል ቀጭን የብረት ምላጭ አለው። የዚህ ምላጭ ነገር ለብቻው ትምህርት ነው። አንድ እንግዳ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ከቡና በፊት ሸርተቴያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በካሊፐር፣ ቅንጣት ርቀት በሚለካ መሣሪያ፣ ፊኑን ይለካሉ። የሚያንቀሳቅሱት ከፀጉር ውፍረት ያልበለጠ ነው። ወደፊት ትንሽ ገፋ፣ ወደታች ትንሽ ዝቅ። ከዚያ ውሃ ላይ ይወጣሉ። ሲመለሱ ወይ “ዛሬ ዞረልኝ” ይላሉ፣ ወይ ዝም ብለው መፍቻውን ይጠይቁኛል። መጀመሪያ አላመንኳቸውም ነበር። ኋላ ራሴ ሞክሬ አየሁት። ፊኑ ጠለቅ ሲል ጭራው ይጸናል፤ ብዙ ሲጠልቅ ደግሞ ሸርተቴው አልዞርም ይላል።

ጀልባውም እንደዚያው ነው። ለስላሎም ተብለው የተሠሩት ማስተርክራፍት፣ ናውቲክ፣ ማሊቡ የሚባሉት ሞተራቸው መሐል ላይ ነው፤ ከኋላቸው የሚተዉት ማዕበል ዝቅ ያለ ነው። ፍጥነቱን የሚጠብቀው የነጂው እግር ሳይሆን ከሳተላይት የሚያነብ መሣሪያ ነው። አዲሱ ከ100,000 ዶላር በላይ ያወጣል። በዚህ የተነሣ ስፖርቱ በመላው ዓለም ተጨንቋል። ጀልባ ሠሪዎቹ ፊታቸውን ትልቅ ማዕበል ወደሚያስነሡ ጀልባዎች አዙረዋል፤ ብዙ ወጣት ማዕበል መጋለቡን መርጧል። ስላሎም ደግሞ ከማዕበል ጋር አንድ ውሃ ላይ አይኖርም። በኦሎምፒክም ቦታ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒኩ ኦሎምፒክ ለማሳያ ያህል ቀርቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። እኔ ይህን እንደ መጥፎ ዜና ብቻ አላየውም። አዲስ ሰው የሚፈልግ ስፖርት ነው። የእኛ ልጆች ለምን አይሆኑም?

ደግሞም መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ዕቃ አልነበረም። የውሃ ሸርተቴን የጀመረው ራልፍ ሳሙኤልሰን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1922። በርሜል ከሚሠራበት ጣውላ ጀመረ፤ አልሆነለትም። የበረዶ ሸርተቴ ሞከረ፤ እሱም አልሆነለትም። በመጨረሻ ጣውላ ገዝቶ ጫፉን በፈላ ውሃ አልስልሶ ወደ ላይ ቀለበሰው። በዚያ ቆመ።

እኔም ይህን ታሪክ ይዤ እዚሁ ከተማችን ወዳሉ አንድ አናጢ ሄድኩ። ዋንዛ ይሻላል አሉኝ፤ ቀላል ነው፣ ለመላግም አያስቸግርም። እናቴ ለድግስ ውሃ የምታፈላበትን በርሜል ተዋስኩ። የመጀመሪያውን ጣውላ ቸኩዬ ሳጎብጠው ጥርቅ ብሎ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን እሳቸው ያዙት። በየጊዜው በጣታቸው ጫን እያሉ “ገና ነው፣ አልበሰለም” ይሉኛል፤ ድንች እንደሚቀቅል ሰው። እንፋሎቱ ላይ ሁለት ሰዓት ቆየ። ከዚያ ለሁለት ተጭነን አጎበጥነው። በገመድ ጠፍረን፣ ድንጋይ ጭነንበት አሳደርነው። ጠዋት ሲፈታ እንደጎበጠ ቀረ። የእግር ማሰሪያውን ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ሠራሁ። ጥንዱን ይዤ ላንጋኖ ወረድኩና በድሮ ባልደረባዬ ጀልባ ቆምኩበት። ያዘኝ። ለውድድር አይሆንም፤ ለጀማሪ ግን ይበቃል።

መቆም መማር ራሱ ደስ የሚል ነገር ነው። ላንጋኖ በምሠራበት ማረፊያ ወጥ ቤት ትሠራ የነበረች አንዲት የመንዝ ልጅ ነበረች። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ ዋና ተማረች። ከዚያ “አስተምረኝ” አለችኝ። ብርቱ ጎረምሶች ሁሉ የሚወድቁት ገመዱን ስለሚስቡ ነው። ገመዱን ስትስበው እግርህ ይቃናል፤ ወዲያው በፊትህ ትደፋለህ። እሷን እንዲህ አልኳት፦ “በርጩማ ላይ ቁጭ ብለሽ ቡና ስታፈዪ እንዴት ነው የምትቀመጪው? እንደዚያ ሁኚ። ጉልበትሽ ደረትሽ ጋ ይሁን። ክንድሽን ዘርጊ። ጀልባው ያንሣሽ እንጂ አንቺ አትነሺ።” የመጀመሪያው ላይ ወደቀች። ሁለተኛው ላይ ውሃው ደረቷ ላይ ተከመረ፤ ከዚያ ተሰነጠቀ፤ ልጅቱ ቀስ ብላ ከውስጡ ወጣች። በጀልባው መስታወት ነበር የማያት። አፏን ከፍታ ነበር። እስክትወድቅ ድረስ አልዘጋችውም።

አንድ ሸርተቴ ላይ ሲደረስ ትምህርቱ ይለወጣል። እምቢ ያለ በሬ በገመድ የሚጎትት ገበሬ አይታችኋል? ክንዱ የተዘረጋ ነው፤ ወገቡ ወደፊት ነው፤ ትከሻው ወደኋላ ነው። በጡንቻው ሳይሆን በክብደቱ ነው የሚይዘው። ስላሎም ማለት በቃ እሱ ነው። ጀልባው ከኋላው የሚተወውን ማዕበል ስታቋርጥ የገመዱ እጀታ ዳሌህ ጋ ይጠጋል። ከማዕበሉ እንደወጣህ መጎተቱን ትተዋለህ፤ ሸርተቴው ከሥርህ ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል። አንድ እጅህን ትለቃለህ፣ ትዞራለህ፣ ትይዛለህ። ዓይንህ ግን ኳሱ ላይ መተከል የለበትም። ኳሱ ላይ ያፈጠጠ ሰው ኳሱ ላይ ይወጣል፤ ስንቱን አይቻለሁ።

“እኛና ሸርተቴ ምን አገናኘን?” ላላችሁኝም መልስ አለኝ። እዚሁ ሸዋ ውስጥ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ እግሮቹ ከተያዙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርዌይ በረዶ ላይ በተንሸራታች ተወዳድሮ አሸንፏል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪኑ የክረምት ኦሎምፒክ በበረዶ ሸርተቴ አገራችንን ወክሏል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ክረምት በመጣ ቁጥር የሰፈር ልጅ ወንዝ ወሰደው፣ ኩሬ ውስጥ ቀረ የሚል ለቅሶ እንቀመጣለን። የጎረቤታችን ልጅ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ድንጋይ ከወጣበት ጉድጓድ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው የሞተው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከሱ ጋር የነበሩት አራት ልጆች አንዳቸውም ዋና አያውቁም፤ ቆመው አዩት። እኔ ያን ቀን ላንጋኖ የባዕድ አገር ሰው ልጅ ላይፍ ጃኬት እያስለበስኩ ነበር። ይህ ነገር እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ውሃውን አጥረን “አትድረሱ” ማለት ብቻውን አልሠራም። ልጆቹ ይደርሳሉ። የሚያስተምራቸው ሰው እዚያ ይጠብቃቸው።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። የሠራሁበት አንድ ማረፊያ ሰው ለመቆጠብ ብሎ ብቻዬን እንድነዳ አዘዘኝ። ሕጉ ግን ሁለት ሰው ነው የሚለው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ወደኋላ ይመለከታል። እኔም እንጀራዬን ፈርቼ እሺ አልኩ። ተንሸራታቿ ወደቀች። ሳላይ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄድኩ። ዞር ስል ሌላ ጀልባ ወደ እሷ እየመጣ ነው። እጇን ከፍ አድርጋ ስለነበር አያት፤ ተረፈች። ከዚያ በኋላ ተመልካች ሳይኖር አንድም ቀን ሞተር አላስነሣሁም፤ ሥራውንም ለቀቅኩ። ስለዚህ እዚህ የሚጀመር ነገር ካለ ሕጉ ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። ዋና ያላለፈ ሸርተቴ አይነካም። ላይፍ ጃኬት የሌለው ውሃ አይገባም። ተመልካች የሌለው ጀልባ አይንቀሳቀስም። የወደቀ ሰው ደህና ከሆነ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ያጋጥማል፤ ይህን ምልክት ውሃው ዳር የሚቆም ሁሉ ይወቀው።

ደብረ ብርሃን ላይ ለምን አልጠየቅኩም? አንደኛ ብርዱ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለተኛ ሞተር ነው። ከፍታ በየ300 ሜትሩ ከሞተር ጉልበት ከመቶ 3 ያህል ይወስዳል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሩብ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ሰው ከውሃ ጎትቶ ለማንሣት ደግሞ ጉልበቱ የሚፈለገው መጀመሪያ ላይ ነው። ጣርማ በርን ወርደን ሸዋ ሮቢት አካባቢ ስንደርስ ውሃውም ይሞቃል፣ ሞተሩም ይተነፍሳል።

ጀልባ መግዣ ከሌለም መላ አለ። ብሩኖ ሪክሰን የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ሰውን ያለ ጀልባ በኬብል የሚጎትት መሣሪያ ከሠራ ስድሳ ዓመት አልፏል። ትንሹ ዓይነት ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ኬብልና አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ተማሪውን ከዳር እስከ ዳር ይወስደዋል፣ ይመልሰዋል። ነዳጅ የለውም፤ ዘይት ውሃው ውስጥ አይገባም። ገበሬው በዚያ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ስለሚያጠጣ፣ እኔ ከጀልባ ይልቅ በኬብል ብንጀምር እመርጣለሁ።

የመስኖ ኮሚቴ አባቶቼ፣ የእናንተን ስጋት አውቀዋለሁ። ውሃው መጀመሪያ የእርሻ ነው። በበጋ ሲወርድ እኛ እናቆማለን። ኳሶቹ የሚታሰሩበት ገመድ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ይሠራል። ግድቡን የሚነካ፣ ቦይ የሚዘጋ ነገር አይኖርም። በየትኛው ወር ምን ያህል ውሃ እንደሚቀር የምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ፣ ቀኑን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ለመምሪያው ደግሞ ይህን እለምናለሁ። አንድ ባለሙያ መድቡልንና ሁለት ሦስት ውሃዎችን አብረን እንይ። ጥልቀቱን፣ ርዝመቱን፣ ነፋሱን እንለካለን፤ የሥሩን ጉቶና ድንጋይ እንፈትሻለን። የጤና ባለሙያ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ እንዳለና እንደሌለ ይመርምርልን። ካለ ያ ውሃ ይቅር፤ ሌላ እንፈልጋለን። ከዚያ ለመጀመሪያው ዓመት ዋና ብቻ ይፈቀድልን። ሃያ ልጅ፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ ሃያ ላይፍ ጃኬት። ማስተማሩን ያለ ክፍያ እሠራለሁ። አብረውኝ የሠሩ ሁለት ነጂዎችም ቅዳሜና እሑድ ለመምጣት ቃል ሰጥተውኛል።

ጥንዱ የዋንዛ ሸርተቴ ሱቄ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አናጢው ሁለተኛ ጥንድ ጀምረዋል፤ ይሄኛው ለልጅ እግር ስለሆነ አጠር ይላል። ማየት የሚፈልግ የመምሪያው ሰው ካለ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው አለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ግን ደውሎ ይምጣ፤ ጣውላ የምናፈላው ቅዳሜ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ጀልባ ነጂ፣ የአሁን ሞተር ጠጋኝ
ደብረ ብርሃን